ካቡ ላይ የተሰጡ ሁለት ባናዎች

ውድ ይሥሐቅ፣

በሰው ፊት አንቱ እንደምልህ ታውቃለህ። ዛሬ ግን በራችን ተዘግቶ ለብቻችን ስንሆን እንደምንጫወተው አንተ ብዬ ልጻፍልህ። ወረቀቱ በአባቶች እጅ ቢወድቅ ይቅር ይበሉኝ።

ከሰላምታውም በፊት አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ዛሬ ማታ ብቻህን አትደር። ይህ ወረቀት እንደደረሰህ በገዳሙ ያለችውን በአትህን ትተህ ዲያቆናቱ ከሚያድሩበት ቤት ሄደህ ተኛ። በጀርባህ አትተኛ፣ በጎንህ ተኛ። አጠገብህ ለሚተኛው ሰው «ትንፋሼ ቆም ሲል ከሰማህ ጎሸም አድርገኝ» ብለህ ንገረው። ምክንያቱን ከታች ታገኘዋለህ። ደብዳቤውን ሳትጨርስ ደወል ቢጠራህ ብዬ ነው ይሄን ያስቀደምኩት።

አሁን ወደ ሰላምታው። እኔ ደህና ነኝ። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ለወጉ ደህና ነኝ ይላል፤ እኔ ግን የምሬን ነው። ራስ ምታቴ ጠፍቷል። ዓይኔ ሥር የነበረው ጥቁረት ለቋል። ፊቴ ሞላ ብሏል። ስፌት የሚያመጡት ሴቶች «ጥሩሸዋ፣ ምን አግኝተሽ ነው?» ይሉኛል። ያገኘሁት እንቅልፍ ነው። እንቅልፉን ከማን ላይ እንደወሰድኩት ግን የገባኝ ትናንት ነው።

ትናንት ከደብሩ ሽማግሌዎች አባ መልከ ጼዴቅ ቤት ድረስ መጥተው ነበር። ያሉኝን በቦታው እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን እኔ የማውቀውንና አንተ የማታውቀውን ልናገር፤ እሱን ዘልዬ ይቅርታ ብጠይቅህ ምኑን ይቅር እንዳልከኝ ሳታውቅ ነው ይቅር የምትለኝ።

ስታንኮራፋ መጀመሪያ የሰማሁህ በሠርጋችን ሰሞን በእናትህ ቤት ነው። አማቴ ነፍሳቸውን ይማርና ጠዋት ፊቴን አይተው «ልጄ፣ ትለምጂዋለሽ፤ እኔም ከአባቱ ጋር ለምጄው ነው» አሉኝ። ለመድኩት። ከራቤል የመጣው የአጎትህ ልጅ እኛ ቤት አድሮ ሲነሳ «ጎረቤታችሁ ወፍጮ ተከለ እንዴ?» ብሎ የጠየቀ ቀን ከሁላችን በላይ የሳቅከው አንተ ነህ። በዚያው ጉሮሮ ማኅሌት ስትቆም ምእመኑ ዓይኑን እየጠረገ ይሰማሃል። የጉሮሮህን ሁለቱንም ሥራ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ እቀልድብህ ነበር።

የማልቀልድበት ነገርም ነበር። እያንኮራፋህ ድንገት ዝም ትላለህ። ያን ዝምታ ሌላ ሰው ቢሰማው ተመስገን ብሎ ይተኛ ነበር። እኔ ግን ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው ነበር የሚያስፈራኝ። ደረትህ አይነሳም፣ አፍንጫህ አይተነፍስም። እኔም የራሴን ትንፋሽ ይዤ እጠብቃለሁ። ሲቆይብኝ በክርኔ ጎሸም አደርግሃለሁ። ያኔ ከውኃ ውስጥ ብቅ እንዳለ ሰው አየር ትስብና «በስመ አብ» ብለህ ትገላበጣለህ። ጠዋት ጎንህን እያሸህ «ይሄ ክርንሽ መቼ ነው የሚያርፈው?» ስትለኝ እኔም «አንተ ማንኮራፋት ስትተው» እል ነበር። ውሸቴን ነበር። የምጎሽምህ ስትጮኽ ሳይሆን ዝም ስትል ነበር። ይህን በትዳራችን ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ነግሬህ አላውቅም። ምን ብዬ ልንገርህ? ትንፋሽህን ስጠብቅ ነው የማድረው ብልህ የምታዝን መሰለኝ፣ ወይም የምትስቅ።

ዘንድሮ ክረምት ላይ ግን አቃተኝ። ቀን የስፌት መኪናው ላይ እያለሁ ዓይኔ ይከደናል። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችን ቀሚስ ስቆርጥ የፊቱን ከጀርባው መለየት አቅቶኝ ሙሉ ጨርቅ አበላሸሁ፤ ልጆቹም ለመስቀል በአሮጌው ዘመሩ። አንተም ትዝ ይልሃል፣ በሶው ቀጠነ ብለህ ሳይሆን ገና ልትል ነው ብዬ የጮኽኩብህን ቀን። ዝም ብለህ ጠጣኸው። በማግስቱ ጤና ጣቢያ የሄድኩት ከራስ ምታቱ ይልቅ በዚያ ጩኸት አፍሬ ነው።

ሲስተር ኮከቤ እንዴት ያለች ሰው እንደሆነች ታውቃለህ፣ አትቸኩልም። እንዴት እንደምተኛ፣ መቼ እንደምተኛ፣ ከመተኛቴ በፊት ምን እንደማደርግ ሁሉ ጠየቀችኝ። በተመሳሳይ ሰዓት ጋደም በይ፣ ከቀትር ወዲያ ቡና ተዪ፣ አልጋ ላይ ስልክ አትንኪ፣ እራትሽን ቀለል አድርገሽ ቀደም አድርጊ፣ እግርሽን በሙቅ ውኃ ታጠቢ፣ የምትተኚበት ቦታ ጨለማና ጸጥተኛ ይሁን አለችኝ። እኔም በየመሐሉ እሺ እሺ አልኩ። ከዚያ የሚረብሽሽ ነገር አለ ወይ ስትለኝ ባለቤቴ ያንኮራፋል አልኳት። ብዕሯን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሲያንኮራፋ ትንፋሹ ቆም ይልበታል?» አለችኝ።

«የለም፣ ጩኸት ብቻ ነው» አልኳት።

ይሥሐቅ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ውጭ ተራ ከሚጠብቁት መሀል የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ሚስት ተቀምጣለች። የቄስ ሌሊት ጤና ጣቢያ ላይ ሲወራ ትስማ እንዴ ብዬ ነው፣ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እሱም እውነት ነው፣ ግን ትንሹ እውነት ነው። ትልቁ እውነት፣ አዎ ብላት በሽታ ነው ትለኛለች፤ በሽታ ከሆነ ደግሞ ጠብቂው ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። መጠበቅ ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ነበር የፈለግኩት፣ መተኛት።

ሲስተር ኮከቤ ግን እንዲያም ሆኖ አንድ ቀን ይዘሽው ነይ ብላኝ ነበር። ይህንንም አልነገርኩህም። ቤት ስመጣ የነገርኩህ «ለብቻሽ ተኚ ተብያለሁ» ብዬ ነው። እሷ እንዲህ አላለችም። ጸጥ ያለ ቦታ ተኚ ነው ያለችኝ፤ ጸጥታን ያንተ መውጣት ነው ብዬ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

አንተ ምን አልክ? መጀመሪያ ሳቅክና «እንግዲህ ከጎተራው ጋር ላንኮራፋ» አልክ። እኔ አለመሳቄን ስታይ «አንቺ የምታርፊ ከሆነ እኔ የትም እተኛለሁ» ብለህ ከተማሪ ቤት ጀምሮ ያለችህን ጥቁር የበግ ጠጉር ባና አውርደህ ወደ ጓሮ ክፍል ገባህ። ያቺ ባና ለልጅነት ቁመትህ የተሠራች ናት። እግርህ እንደሚወጣ አውቃለሁ። የሠርጋችንን ነጭ ባና ውሰደው ማለት እችል ነበር፣ አላልኩም። የኛን የመንዝ ብርድ እያወቅኩ።

ደግሞ ያ ውኃ አለ። ሲስተር ኮከቤ እግርሽን ታጠቢ ማለቷን ስነግርህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ውኃውን ማሞቅ ያንተ ሥራ ሆነ። በሩን ዘግተህ፣ መጋረጃውን ጋርደህ፣ ሳፋውን እግሬ ሥር አስቀምጠህ በማንቆርቆሪያ ታፈስልኛለህ። ቄስ የሚስቱን እግር ያስታጥባል ቢባል አገር ጉድ ይል ነበር። አንተ ግን «ጸሎተ ሐሙስ የመጣ ነው የሚመስለው» እያልክ ትስቃለህ። ፎጣውን አቀብለኸኝ፣ ኩራዟን ይዘህ፣ ደህና እደሪ ብለህ ወደዚያ ብርድ ክፍል ትሄዳለህ። እኔም እግሬ ሞቆ እተኛለሁ።

እንዴት ያለ እንቅልፍ መሰለህ። ሰው በሕይወቱ እንዲህ የሚተኛ አይመስለኝም ነበር። ስጋደም እንጂ ስተኛ አላውቀውም። ስነሳ ሰውነቴ እንደ አዲስ የተሠራ ነበር። መርፌ ውስጥ ክር በአንድ ጊዜ አስገባለሁ። ዘፈን ዘፈን ይለኝ ጀመር። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ፤ አንተ ምን እንደሆንክ ግን አላየሁም።

አላየሁም ማለት እንኳ አይደለም። አይቼ ሌላ ስም ሰጠሁት። ጠዋት ጠዋት ራስህን ይዘህ ትወጣ ነበር፤ እኔም ከበዓል ቤት የጠጣኸው ጠላ ነው አልኩህ። ቅዳሴ ላይ መቋሚያህን ተደግፈህ ስታሸልብ ዲያቆኑ ነካ ሲያደርግህ ከሴቶች ወገን ቆሜ አየሁ፤ ቤት ስንገባ «ሰው ፊት አታዋርደኝ» ብዬ ተቆጣሁህ። በደንብ የተኛች ሴት ቁጣ ጉልበት አለው። አንተ «እንጃ ጥሩዬ፣ እተኛለሁ ግን እንቅልፉ እንቅልፍ አልሆነልኝም» አልከኝ። ሰማሁህ። በዚያች ደቂቃ የሲስተር ኮከቤ ጥያቄ ጆሮዬ ላይ መጣ። ተነስቼ እራት አቀረብኩ።

ከዚያ የባናው ነገር መጣ።

መስቀል አልፎ ፀሐይ የወጣ የገበያ ቀን ነበር። ክረምቱን በሙሉ እርጥበት የጠጣ መኝታ አወጣሁ። ነጩን ባና ካቡ ላይ ሰጣሁ፣ ከጎኑ ያንተን ጥቁር ባና ሰጣሁ። የኛ ካብ ደግሞ የገበያው መንገድ ዳር ነው። ይህን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ። በዚህ ብርድ አገር ባልና ሚስት በአንድ ባና ነው የሚያድሩት፤ ሁለት ባና የሚሰጣ ቤት ወይ እንግዳ አለው፣ ወይ ፍቺ አለው። የመንዝ ሴት የሰው ካብ አይታ የሰው ትዳር ታነባለች፤ እኔም ራሴ ስንቱን ሳነብ ኖሬያለሁ።

ሰርካለም ከገበያ ስትመለስ ቅርጫቷን አውርዳ ቆመች። ጎረቤታችን እንዴት ዓይን እንዳላት ታውቃለህ። «እንግዳ አለባችሁ እንዴ?» አለችኝ። እኔም ነጠላዬን እያራገፍኩ፣ ነገሩን ሳላስበው፣ «የለብንም» አልኩ። ሰርካለም ሁለቱን ባናዎች አየች፣ እኔን አየች፣ የሞላ ፊቴንም አየች መሰለኝ። ቅርጫቷን አንስታ ሄደች። አዎ፣ ከራቤል ዘመድ መጥቶብናል ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም ነበር። አንተ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ዘግይተህ መጣህ። ፊትህ ምንም አይልም ነበር። ምሳ በልተህ ስታበቃ ዘንድሮ ጽጌን ገዳም ወርጄ ሱባኤ ልይዝ ነው አልከኝ። ተደነቅኩ። ማኅሌተ ጽጌን ካንተ በላይ የሚወድ የለም፤ ዓመቱን ሙሉ ስትጠብቀው ነው የምታሳልፈው። ማኅሌቱስ ብዬ ስጠይቅህ «ሌሎች አሉ» አልከኝ። እኔም ምን እንዳሰብኩ ልንገርህ? ጥሩ፣ ትንሽ ብትጸልይ ያ መፍዘዝ ይለቅህ ይሆናል አልኩ በሆዴ። ነጠላህን አጠብኩ፣ በሶና ቆሎ ቋጠርኩ። ቆላ ነው አያስፈልገኝም ብለህ ጥቁር ባናህን ተውካት። ስልክህንም ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጥክ። ሸኝቼህ ተመለስኩና በሰዓቴ ተኛሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ማኅሌቱ በድምፅ ማጉያው እስከ ቤታችን ይሰማ ነበር። አንተ የምታነሳው ቦታ ሲደርስ ሌላ ሰው አነሳው። ደህና ነው፣ ግን ቀጭን ነው። ትንሽ ሰማሁና ሰዓቴ ደርሷል ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ።

አሁን ወደ ትናንት ልምጣ። አባ መልከ ጼዴቅ በር ላይ ሳያቸው የተቀደደ ካባ ያመጡ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ካባ አልያዙም። በርጩማው ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን አሹ። ከዚያ ያን እሑድ ሽማግሌዎቹ አንተን መሀል አስቀምጠው ቄስ ይሥሐቅ ሚስቱን ትቷል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለው እንደጠየቁህ ነገሩኝ። የቄስ ትዳር ከፈረሰ ክህነቱም አብሮ እንደሚነሳ ለአንተ መንገር አያስፈልግም። ሊፈርዱብህ ሳይሆን ሊያስታርቁን ነበር አሉኝ። አንተ ግን ምንም ጠብ የለንም፣ ለጽጌ ሱባኤ ስዘጋጅ መኝታዬን ለይቼ ነው አልካቸው። መቼ ትወርዳለህ ሲሉህ በዚህ ሳምንት አልክ።

«እኔ ዓይኑን አይቼዋለሁ» አሉኝ አባ። «ስንወጣ ለብቻው ያዝኩትና ልጄ፣ አንተ ዋሽተህ አታውቅም፣ ምን ሆነሃል አልኩት። እውነት እንዲሆን ወርጄ እይዘዋለሁ፣ ብቻ ጥሩሸዋ ባሏን ከመኝታ አስወጣች አይባልብኝ አለኝ።»

 ሌላም ነበራቸው። ከገዳም የወጣ አንድ መነኩሴ አግኝተው ስላንተ ጠይቀውት ነበር። ደህና ነው፣ ትጉህ ነው፣ ብቻ አባቶችን በማንኮራፋት እንዳልረብሽ ብሎ ከሁሉ የራቀችውን በአት ለምኖ ገባ አለ አሉኝ። ይህን የነገሩኝ ትሕትናህን ሊያመሰግኑ ነበር። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። ከሁሉ የራቀች በአት ማለት ትንፋሽህ ሲቆም የሚሰማ ጆሮ፣ የሚጎሽም ክርን የሌለበት ማለት ነው። አስተማርኩህ፣ አይደል? አንተ ሰው የምትረብሽ ሰው እንደሆንክ እኔ ነኝ ያስተማርኩህ።

አባን ሸኝቼ በቀጥታ ሲስተር ኮከቤ ጋ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር፣ ሰውም ነበር፣ ግድ አልሰጠኝም። ያኔ ዋሽቼሻለሁ፣ ትንፋሹ ቆም ይላል፣ ብዙ ጊዜ ይቆማል አልኳት። አልተቆጣችኝም። አንዳንድ ሰው ሲተኛ፣ በተለይ በጀርባው ሲተኛ፣ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ ይቆምበታል አለችኝ። ያኔ ሰውነቱ ይደነግጥና ሳያውቀው በየጊዜው ይነቃል፤ ስለዚህ የተኛ እየመሰለው አይተኛም። ጠዋት ራሱን የሚያመው፣ ቀን የሚያንቀላፋው ለዚህ ነው። ሲቆይ ደም ግፊት ያመጣል፣ ልብንም ይጎዳል። ግን መላ አለው አለች። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መታየት አለበት። እስከዚያው በጎኑ ይተኛ፣ ራሱን ከፍ ያድርግ፣ ማታ ጠላም አረቄም አይቅመስ።

በክርኔ እጎሽመው ነበር ስላት ትከሻዬን ያዝ አድርጋ ጥሩ አድርገሻል አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ጥሩ የነበረውን ነገር ነው የተውኩት።

እንግዲህ ይህ ነው፣ ይሥሐቅ። እኔ በደህና የተኛሁበት ጊዜ በሙሉ አንተ አልተኛህም። ራስህን አመመህ፣ ሰው ፊት አፈርክ፣ ዋሽተህ የማታውቀው ለኔ ብለህ ዋሸህ፣ ማኅሌትህን ተውክ። እኔ ደግሞ የማውቀውን በአንዲት «የለም» ቀብሬ እግሬን ታጠብኩ። ይቅርታ አድርግልኝ። ለሰው ሲሆን የምትመክረው አንተ ነህና ንስሐውን አንተው ስጠኝ፤ ስግደት ቢሆን እሰግዳለሁ። ብቻ በሕይወት ኑርና ስጠኝ።

አንድ ነገር ግን አልዋሽህም፤ መዋሸት ያመጣብንን አይተናል። እንቅልፉን ወድጄዋለሁ። እንደ ድሮው ትንፋሽህን እየጠበቅኩ እስኪነጋ ልደር ብልህ ለሳምንት ችዬ እንደገና እጮኽብሃለሁ። የምፈልገው ሁለታችንም እንድንተኛ ነው። ለዚህ ነው ሆስፒታሉ የሚያስፈልገን፣ ለወግ አይደለም። ከጽጌ በኋላ ለመጀመሪያው ሳምንት ሲስተር ኮከቤ የመላኪያ ወረቀት ትጽፍልናለች። አብረን ነው የምንሄደው።

እኔ ራሴ እወርድ ነበር፤ ከገዳሙ በር ወዲያ ሴት አይገባም። ይህን ወረቀት እማሆይ አመተሥላሴ ይዘውልህ ይወርዳሉ። በሩ ላይ በአንተ እጅ እንጂ በማንም እጅ እንዳይሰጡ አስምያቸዋለሁ። አብሮት እጀ ጠባብህ አለ። ጀርባው ላይ የተለጠፈችውን ኪስ አይተህ አትሳቅ። ውስጧ የተጠቀለለ የበግ ጠጉር ክር ሰፍቼበታለሁ። ለብሰኸው ስትተኛ በጀርባህ ልትሆን ስትል ይቆረቁርሃል፣ ያኔ ወደ ጎንህ ትዞራለህ። ሲስተር ኮከቤ ኳስ ነበር ያለችኝ፤ እኔ ኳስ ከየት አባቴ አመጣለሁ። አባቶች ምንድን ነው ቢሉህ የሚስቴ ክርን ነው በላቸው።

ሱባኤህን አቋርጥ አልልህም። ለእግዚአብሔር የገባኸው ነው፣ በኔ ምክንያት ቢሆንም። ግን ይህን ወረቀት ለአበምኔቱ አንብብላቸው። ከሰው ጋር አድርገው ያሳድሩሃል።

የባናው ነገርም አልቋል። ትናንት አመሻሽ ላይ ሁለቱን ባናዎች አወጣሁና ጠርዝ ለጠርዝ ገጠምኳቸው። የስፌት መኪናው ያን ውፍረት እምቢ ስላለኝ በጆንያ መርፌ በእጄ ነው የሰፋሁት፤ ጣቴ እስካሁን ይጠዘጥዘኛል። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። መልክ የለውም። ሰፊ ግን ነው፣ አንተ በጎንህ ተኝተህ እኔም ሳልገፋህ ይበቃናል። ዛሬ ገበያ ስለሆነ ማልጄ ካቡ ላይ ሰጣሁት።

ሰርካለም አላሳፈረችኝም፣ መጣች። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። የኔና የቄሱ ባና ነው አልኳት። እሱ ለሱባኤ መኝታ አልለየም፣ እኔ ነኝ ያስወጣሁት፣ ስለሚያንኮራፋ አስወጣሁት፤ የሚያንኮራፋው ደግሞ ስለሚያመው ነው፣ ትንፋሹ ይቆማል፣ እያወቅኩ ደበቅኩ አልኳት። ለሰርካለም መንገር ምን ማለት እንደሆነ አውቄ ነው። እስከ ማታ ወሬው ከዘመሮ አልፎ ቀየት ይደርሳል። ጥሩሸዋ ባሏን አስወጣች ይበሉ። እውነት ነው፣ አስወጥቻለሁ። አንተ ተሸክመኸው ከምትዞር እኔ ልሸከመው።

የምትስቅ ወይም የምትሄድ መስሎኝ ነበር። ቅርጫቷን አስቀምጣ ካቡ ላይ ተቀመጠች። ባናውን በእጇ ዳበሰች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የኔም ጫኔ እንዲያ ያደርጋል» አለችኝ። «ቆም ሲል እፈራለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።» ከሰዓት በኋላ ሲስተር ኮከቤ ጋ አብረን ሄድን። ተራ እስኪደርሰን የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ሚስትም እዚያው ነበረች፤ አሁን ሳስበው ያን ቀንም ለምን እዚያ እንደተቀመጠች አልጠየቅኳትም።

ይሥሐቅ፣ ትናንት ማታ እግሬን ለመታጠብ ውኃ አላሞቅኩም። የሚያፈስልኝ ሲመጣ እታጠባለሁ፤ አሁን ደግሞ የመጀመሪያው የመታጠብ ተራ ያንተ ነው፣ የማፈስልህ እኔ ነኝ። ሳፋው ተዘጋጅቷል። በሩን አልዘጋም፣ መጋረጃውንም አልጋርድም፣ የሚያይ ይይ።

በአዲሱ ባና በነጩ በኩል ተኛሁ። ጥቁሩ በኩል ባዶ ነው። ጸጥ ብሎ ነበር፣ እንደወደድኩት። ግን ጆሮዬ አልተኛም። ያን ከቆላ የማይሰማ ትንፋሽ ስጠብቅ፣ የራሴን ትንፋሽ ይዤ እንደነበር ያወቅኩት ደረቴ ሲያመኝ ነው።

ዛሬ ማታ ብቻህን አትደር።

ክርኗን ይዛ የምትጠብቅህ፣
ጥሩሸዋ
ዘመሮ